ካርቡራተሩን አትክሰሱ

አሮጌ የሞተር መጋዝ አልነሳ ሲል፣ ወይም ተነስቶ እንጨት ላይ ሲያርፍ አቅም ሲያንሰው፣ ጥገና ቤት የሚጠብቀው ፍርድ ሳይመረመር ያለቀ ነው። «ካርቡራተሩ አልቋል፣ ይቀየር።» ተቀይሮ ካልተሻለው ሁለተኛው ይከተላል። «አሮጌ ነው፣ ከእሱ ጋር ከምትታገል አዲስ ግዛ።» ይህን የሚለው ጠጋኙ ብቻ አይደለም። መለዋወጫ ሻጩም፣ ባለ መጋዙም፣ ዛፉን የሚያስቆርጠው ገበሬም አምኖ ተቀብሎታል። እኔ አልቀበለውም። ሁለቱም ፍርዶች አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ናቸው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከስህተትም አልፎ ሊድን የሚችል ሞተር ይገድላል።

የምከራከርላቸው መጋዞች የታወቁ ናቸው። ስቲል 038፣ ስቲል 070፣ ሁስክቫርና 268 እና 272፣ የእነሱም እኩዮች። 070 እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ 106 ሲሲ ሞተር የተሸከመ ከባድ መጋዝ ነው። 038 ማግነም 72 ሲሲ ነው። አካላቸው ቀሎ የጠነከረ ማግኒዚየም ነው፤ ክራንክ ሻፍታቸው በኩሽኔታ ላይ ይዞራል፤ ሲሊንደራቸው ውስጡ ከብረት በሚጠነክር ስስ ሽፋን ተለብጧል። ሁሉም ነገራቸው በብሎን የተያያዘ ነው። የሠራቸው መሐንዲስ አንድ ቀን የሚከፍታቸው ሰው እንደሚኖር አስቦ ነው የሠራቸው።

ሥራቸውም አላለቀም። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የማያልቅ ዛፍ ነው፤ ከጉቶው እየበቀለ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ይደርሳል። አጣናው፣ ወራጁ፣ ማገዶው፣ ጣውላው ሁሉ በመጋዝ ያልፋል። የመጋዝ ባለቤቱ ኑሮ ያለው በዚያች ሞተር ላይ ነው። ስለዚህ «አልቋል» የምትለዋ ቃል ከአንድ ቤት እንጀራ ላይ የምትቆርጥ ናትና ያለ ማስረጃ መነገር የለባትም።

እስቲ ካርቡራተሩን በመዳፋችን ይዘን እንክፈተው። የመጋዝ ካርቡራተር እንደ ሞተር ሳይክሉ ተንሳፋፊ የለውም። መጋዝ በጎኑም ተገልብጦም ስለሚሠራ ቤንዚኑን የሚለኩለት ሁለት ስስ ዲያፍራሞች ናቸው። አንደኛዋ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ከክራንክ ቤቱ በሚመጣው የአየር ምት እየተርገበገበች ቤንዚን ከታንኩ ትስባለች። ሁለተኛዋ በብሎን በታሰረው ክዳን ሥር ተኝታ፣ ሞተሩ በሳበ ቁጥር እየተጎነበሰች ትንሽ ምላስ ትጫናለች፤ ምላሷ መርፌውን ታነሳለች፤ ቤንዚኑ ይገባል። በቃ፣ ጠቅላላ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ጤነኛዋ ዲያፍራም በጣት ጫፍ ሲነኳት ያለ ድምፅ ትለጠጣለች። ያረጀችው እንደ ደረቀ ብራና ትንኮሻኮሻለች፤ ደርቃ ስለማትጎነበስ መርፌውን በደንብ አታነሳም፤ ሞተሩም ይራባል። ምላሷም ብትሆን ከፍታዋ አምራቹ ከወሰነው ትንሽ ሲዛነፍ ነገሩ ይለወጣል፤ ከፍ ካለች ቤንዚን ይበዛል፣ ዝቅ ካለች ያጥራል። በማዶው ክዳን ሥር ደግሞ ከጥፍር የምታንስ ወንፊት አለች። የአቧራና የደረቀ ቤንዚን ሙጫ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ካርቡራተሩን በለወጠው ጠጋኝ እጅ አንድም ጊዜ ተከፍታ የማታውቅ ወንፊት ብዙ ናት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያረጀው ምንድን ነው? ዲያፍራሞቹ፣ ጋስኬቶቹ፣ መርፌውና ወንፊቷ። እነዚህ ሁሉ በአንዲት ትንሽ የጥገና ጥቅል ተሟልተው ይሸጣሉ። ብረቱ አካል ግን አያረጅም። የሚያረጅበት ሁኔታ አለ፤ አልክድም። የጋዙ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ በአቧራ ተበልቶ ሰፍቶ ዘንጉ በእጅ ሲወዛወዝ፣ ወይም ውሃ ውስጡ ተኝቶ ብረቱን ሲበላው፣ ያ ካርቡራተር በእውነት አልቋልና ይቀየር። እኔ የምቃወመው ዘንጉን ሳይወዘውዝ፣ ክዳኑን ሳይከፍት የሚፈርደውን ነው። ከፍቶም ቢሆን ቀዳዳዎቹን በሽቦ የሚጎረጉረውን ጭምር። እነዚያ ቀዳዳዎች በሚሊሜትር ክፋይ ተለክተው የተበሱ ናቸው፤ በሽቦ አንዴ ከሰፉ የሚመልሳቸው የለም። በኃይለኛ የኮምፕረሰር አየር የሚነፋውም ዋናው መርጫ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ሊሰብራት ይችላል። ጥቅሉ ሲገጠም ቅደም ተከተልም አለው። በአብዛኞቹ ላይ በመለኪያው በኩል ጋስኬቱ ይቀድማል፣ ዲያፍራሟ ትከተላለች፤ በፓምፑ በኩል ግን ዲያፍራሟ ትቀድማለች። ይህ ሲገለበጥ መጋዙ አይነሳም፤ ያኔም «ብዬህ ነበር፣ አልቋል» ይባላል።

ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። ከካርቡራተሩ የባሰው ወንጀለኛ ሌላ ሆኖ ሳለ ካርቡራተሩ ይከሰሳል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ወንጀለኛው አየር ነው።

የመጋዝ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ቤንዚኑና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣታቸው በፊት በክራንክ ቤቱ ውስጥ ያልፋሉ። ስለዚህ ክራንክ ቤቱ ራሱ ፓምፕ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ ቀዳዳ አይወድም። በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ኦይል ሲሎች ሲደርቁ፣ ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ሲሰነጠቅ፣ የሲሊንደሩ ሥር ጋስኬት ሲበላ፣ በካርቡራተሩ በኩል ያላለፈ አየር ወደ ውስጥ ይሾልካል። አየር በዛ ማለት ቤንዚን አነሰ ማለት ነው። በዚህ ሞተር ደግሞ ዘይት የሚመጣው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ብቻ ነው፤ ሌላ የዘይት መንገድ የለውም። ቤንዚኑ ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በዚያው ቅጽበት ዘይቱም ያንሳል። ፒስተኑ ሲፋፋና ከሲሊንደሩ ጋር ሲጣበቅ ያኔ ነው።

ሞተሩ ይህን ሳይናገር አይሞትም። ሚኒሞው አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ጋዙ ሲለቀቅ ድምፁ ቶሎ አይወርድም፣ እያጉረመረመ ከፍ ብሎ ይቆያል። መጋዙን ወደ ጎን ሲያዘነብሉት የሚኒሞው ድምፅ ይለወጣል። ይህን የሰማ ጠጋኝ ካቻቢቴውን አንስቶ የካርቡራተሩን ብሎኖች ያዞራል፤ አልስተካከል ሲለው አዲስ ካርቡራተር ይገጥማል። የሚያሳዝነው፣ አንዳንዴ መጋዙ የዳነ ይመስላል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ስለታም ድምፅ አለው፤ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ጫካ ገብቶ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ግንድ ሲቆርጥበት ግን ሞተሩ በድንገት ይቆማል፤ ገመዱ አልሳብ ይላል። ያኔ የሚነገረው «አሮጌ ነበር» ነው። እርጅና አልገደለውም። የገደለው የአንድ ጎማ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁ እያለ በላዩ አዲስ ካርቡራተር ተገጠመበት።

ይህን ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም፤ የእጅ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ይበቃል። ማርሚታው ተፈትቶ የጭሱ በር በጎማ ቁራጭ ይዘጋል፤ የካርቡራተሩም በር እንዲሁ። ከዚያ ግማሽ ባር ያህል አየር ይገባበታል። መለኪያው ከቆመ ደህና ነው። ከወረደ የሳሙና ውሃ ተቀብቶ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይታያል። ቀጥሎ ተቃራኒው፣ መሳብ ነው። ይህን የሚዘል ጠጋኝ ብዙ ነው፤ መዘለል ግን የለበትም። ግፊት ሲገባ የኦይል ሲሉ ከንፈር ክራንክ ሻፍቱ ላይ ይጫንና ይይዛል፤ ሲሳብ ግን ይላቀቃል። በግፊት ጤነኛ የመሰለ ሲል በመሳብ ይጋለጣል። ጠቅላላው ሥራ ከአንድ ቡና ማፍላት የበለጠ ጊዜ አይፈጅም፤ ያለዚህ ምርመራ «ካርቡራተሩ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ግምቱን ነው።

ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ቶሎ ልለፋቸው። ለአሥር ደቂቃ ሠርቶ የሚቆም፣ ትንሽ አርፎ የሚነሳ መጋዝ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኖበት ይሆናል። ሲቆም የታንኩን ክዳን ላላ ማድረግና አየር ሲስብ መስማት በቂ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ጎማ ተሰንጥቆ አየር ይጠጣል፤ ማጣሪያው ይደፈናል። ማርሚታው በጥላሸት ተዘግቶ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል። ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ ደግሞ ፕላቲኑ አለ። አንዱም ካርቡራተር አይደለም።

ስለ ከፍታ ግን ቀስ ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ነው፤ በአምራቾቹ መመሪያ ላይ ጎልቶ አይታይም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። መጋዙ ግን የተሠራውና የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። መመሪያው ብሎኖቹን ዘግተህ አንድ ዙር ክፈት ቢል፣ ያ አንድ ዙር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ድምፁ ይደነዝዛል። ጠጋኙም «ካርቡራተሩ ቤንዚን ያፈሳል» ብሎ ይፈርዳል። መድኃኒቱ የከፍተኛ ፍጥነቱን ብሎን ጥቂት ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ልኩም በጆሮ ይታወቃል። ባዶውን ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ላይ ሲጫን ደግሞ መንተባተቡ ጠፍቶ ጥርት ማለት አለበት። ባዶውን እያለ ጥርት ብሎ የሚጮህ መጋዝ አደጋ ላይ ነው።

አሁን ይህንኑ መጋዝ ደብረ ብርሃን ላይ አስተካክላችሁ 500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ጋምቤላ ውሰዱት። አየሩ ወፈረ፣ ብሎኑ ግን ለደጋ እንደተዘጋ ነው። ቤንዚን ያጥረዋል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ከላይ እንዳልኩት ዘይቱም ያንሳል። ደጋ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ መጋዝ ቆላ ወርዶ ሲሞት «አርጅቶ ነበር» የሚለው ሰው ያላየው ይህን ቁልቁለት ነው።

በመጭመቂያ መለኪያውም ያው ነው። ሞተሩ ደክሟል ለማለት ካንዴላው ተፈትቶ መለኪያ ይገባና ገመዱ ይሳባል። ባሕር ጠረፍ ላይ 150 ፒ ኤስ አይ የሚያሳይ ፍጹም ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚያሳየው 112 ገደማ ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው አየር ራሱ በሩብ ስለቀነሰ ነው። ይህን ሳያሰላ የውጭ አገር ቁጥር ይዞ የሚፈርድ ጠጋኝ ጤነኛውን ሞተር «ፋሻው ሞቷል» ብሎ ይፈታዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ፒስተኑ በእርግጥ ተጎድቶ ከሆነስ? ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ይነበብ። ማርሚታው ሲነሳ በጭሱ በር በኩል ፒስተኑ ይታያል። በጭሱ በር በኩል ብቻ ከተቧጨረ ሙቀትና የቤንዚን ማነስ ነው፤ ወደ አየር መሾለኩና ወደ ብሎኑ ተመለሱ። በካርቡራተሩ በኩል ከተቧጨረ በአየር ማጣሪያው ያለፈ አቧራ ነው። ዙሪያውን ከሆነ ዘይት ሳይቀላቀል ቤንዚን ተሞልቶበታል። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ፒስተን መግጠም ሁለተኛ ፒስተን መግደል ነው። ሲሊንደሩን ደግሞ ቶሎ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚታየው ጭረት የሚመስል ነገር ከፒስተኑ የተላከከ አሉሚኒየም ነው፤ ጠንካራው ሽፋን ከሥሩ ደህና ነው። የተላከከው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥንቃቄ፣ በጓንትና በመነጽር፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይለቃል፤ ከዚያ በደንብ ይታጠባል። ጥፍር ሲሄድበት የማይዝ ከሆነ ሲሊንደሩ ይሠራል፤ ፒስተንና ፋሻ ብቻ ይገዛለታል። የፒስተኑ ቀስት ወደ ጭሱ በር ይዙር። ሽፋኑ ተልጦ ከሆነ ግን ሲሊንደሩም ሄዷል።

ቤንዚኑም የራሱ ድርሻ አለው። ስቲል ለራሱ ዘይት 1 ለ50 ይላል፣ ለሌላ ባለ ሁለት ምት ዘይት 1 ለ25። በሊትር ሲሰላ አንደኛው 20 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው 40 ነው። ልዩነቱ እጥፍ ነው፤ በግምት ከጠርሙስ ጠብ የሚያደርግ ሰው ሞተሩን በዕጣ ላይ ያስቀምጠዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ የፊንጫ ኤታኖል መቀላቀል ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ ለቀድሞ ጎማዎችና ዲያፍራሞች አይመችም። መጋዙን ከነቤንዚኑ ክረምቱን ሙሉ አስቀምጦ በመስከረም አልነሳ ሲለው «ካርቡራተሩ» ማለት ተገቢ አይደለም። አስቀድሞ ታንኩን ማራገፍና በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን ማሠራት በቂ ነበር።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ። አዲሶቹ መጋዞች በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ የስቲል ኤም ትሮኒክ፣ የሁስክቫርና አውቶቱን የሚባሉት ከፍታውንም ሙቀቱንም አይተው ቤንዚኑን ይለካሉ። እውነት ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሮኒክስ የሌላቸው ብዙዎቹ አዳዲስ መጋዞች የጭስ ሕግ ለማክበር ሲባል ብሎኖቻቸው በፕላስቲክ ቆብ ታጥረዋል፤ ከተወሰነ በላይ አይዞሩም። ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሰው በነጻ የሚዞር ብሎን ያለው አሮጌ ካርቡራተር ይሻለዋል። ሌላው ክርክር የደኅንነት ነው፤ በዚህኛው ላይ አልሟገትም። ሰንሰለቱን የሚያቆም ብሬክ በመጋዝ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ብሬክ የሌለው መጋዝ ሞተሩ ምንም ያህል ቢያምር ሰው ፊት ላይ ሊመለስ ይችላልና ወደ ጫካ መሄድ የለበትም። ይህ ግን የሚመለከተው ብሬክ የሌላቸውን ብቻ ነው፤ ብሬክ ያለው 038 በዚህ ስም አይጣልም።

ይህ ሁሉ የሚታወቅ ከሆነ የተሳሳተው ፍርድ ለምን ጸና? ጠጋኞቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ማንም ለምርመራ ስለማይከፍል ነው። ደንበኛው ግማሽ ሰዓት ግፊት ለክቶ፣ በሳሙና ውሃ ፈልጎ፣ «የተበላሸው ይህች ጎማ ናት» ላለው ሰው የጎማዋን ዋጋ ሰጥቶ ይሄዳል። ካርቡራተር ለለወጠለት ግን ሳይከራከር ይከፍላል፤ በእጁ የሚያየው አዲስ ዕቃ ስላለ። በዚህ ሥርዓት ዕውቀት ያለው ጠጋኝ ከሌለው ያነሰ ያገኛል። ወጣቱ ጠጋኝ የሚማረውም የሚያስከፍለውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለባለ መጋዞች ነው። «ጋሼ፣ ካርቡራተሩ አልቋል» ሲባሉ «በምን አወቅክ፣ ልጄ?» ይበሉ። መለኪያው ሲቆም ወይም ሲወርድ በዓይንዎ ይዩ። ማርሚታው ይነሳና ፒስተኑን ይመልከቱት። የወጣችውን ዲያፍራም በጣትዎ ይንኳት። ከየት እንደመጡና መጋዙን ወዴት እንደሚወስዱት፣ ደጋ ይሁን ቆላ፣ ለጠጋኙ ይንገሩት። ምንም ዕቃ ሳይቀየር አንድ ብሎን ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ መጋዙ ቢነሳ፣ ለዚያ ሩብ ዙር እንደ ካርቡራተሩ ሁሉ ሳይከራከሩ ይክፈሉ።